እሳት የማይበላው ጥጥ

እስቲ ኩራዝህን አውርደህ ክሩን ተመልከት። አሁኑኑ፣ ይህን ከማንበብህ በፊት። የወጉ ክር ሲነድ ጫፉ ይጠቁራል፣ ይከስላል፣ በሳምንት በአሥር ቀን ያልቅና ሌላ ትተካለህ። ከሾላ ገበያ አንሥቶ ሽቅብ ወደ የካ፣ ከዚያም ወደ እንጦጦ ግርጌ ባሉት ቤቶች ግን አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት ነድዶ የማያልቅ ክር አለ። ጥቀርሻው ሲራገፍለት እንደ አዲስ ነጭ ሆኖ ይወጣል። "የአስካለች ክር" ይሉታል። ሊያመሰግኗት ብለው ነው። እሷ ግን ያን ምስጋና በሰማች ቁጥር ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ትጠመጥማለች።

አስካለች ጋዜጣ ላይ የምትወጣ ሰው አይደለችም። ባለ መኪና አይደለችም፣ ባለ ማዕረግ አይደለችም። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ጥግ የምትኖር ፈታይ ናት። ሸማኔዎች "የአስካለችን ድር ከአየር ለይቶ ለማየት የሰው ዓይን ይበቃል?" እያሉ ይቀልዱ ነበር። ባሏ ጉተማ ዲንሳ ወሰን በሚባለው አገር በኩል የገበሬ ልጅ ነበር። የአባቱ ማሳ ለአንድ ትልቅ ሰው ተሰጠና ሞፈሩን ለቅርብ ዘመድ ትቶ፣ ጉልበቱን ብቻ ይዞ ከተማ ገባ። በ1946 ዓ.ም. ከከተማው በታች አንድ ፋብሪካ ቀጠረው። ሥራው ቱቦ ማልበስ ነው። የእንፋሎቱ ቱቦ ሙቀቱን እንዳይጥል አንድ ነጭ ነገር ከጆንያ እየተዘረገፈ በበርሜል ይቦካና እንደ ጭቃ ይለጠፍበታል። ሲያረጅ ደግሞ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ይራገፋል። ጉተማ ማታ ሲመጣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነበር። አስካለች በር ላይ አቁማ ኮቱን ትቀበለውና ከአጥሩ ጋር እየገጨች ታራግፍለታለች።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ የጆንያ ግማሽ የሚሆን ነገር ተሸክሞ መጣ።

"ሃደ ኢፍቱ!" አላት። የኢፍቱ እናት ማለቱ ነው፤ ደስ ሲለው በኦሮምኛ ነው የሚጠራት። "ዛሬ ያመጣሁልሽን ጥጥ አንቺም አታውቂው፣ እናትሽም አታውቀው።"

"ጥጥ የማላውቅ? እኔ?"

ጎረቤቷ እትዬ የማርያምወርቅ እሳት ልትጭር መጥታ ምድጃው ዳር ተቀምጣ ነበር። ሦስቱም ጆንያው ላይ አጎነበሱ። ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ እንደ ሐር ያብለጨልጫል።

"በየትኛው አገር ነው የሚበቅል?" አለች አስካለች በጣቷ እየጎተተች።

"አይበቅልም። ድንጋይ ነው። ከተራራ ሆድ ቆፍረው ነው በመርከብ የሚያመጡት።"

"ጉተማ፣ ለሚስትህ ድንጋይ አምጣላት ያለህ ማነው? ሰው ወርቅ ያመጣል!" አለች እትዬ የማርያምወርቅ።

ጉተማ ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግኖ ፍሙ ላይ ጣለው። ቀላ፣ እንደ ፍሙ ራሱ ፍም መሰለ። ከዚያ በጉጠት አወጣውና እፍ አለበት። ነጭ ነው። አንዲት ዘለላ አልጎደለችም።

እትዬ የማርያምወርቅ አማተበች። "በስመ አብ! እሳት የማይበላው ነገር ወይ የቅዱስ ነው፣ ወይ የሰይጣን ነው።"

"የፋብሪካ ነው" አለ ጉተማና ሦስቱም እስኪያነቡ ሳቁ።

ጥጡን ለጉተማ የሰጠው የፋብሪካው ካቦ በላይነህ ነበር። "ከጆንያው ቂጥ የሚቀረውን ውሰዱ፣ ለትራስ ይሆናችኋል" ብሎ፤ እሱም ወደ ቤቱ ወስዷል። የፋብሪካው ፈረንጅ መሐንዲስ ግን አንድም ቀን አልነካውም። ወደ መጋዘኑ ብቅ ሲል አፍና አፍንጫውን በነጭ ጨርቅ ጥርቅም አድርጎ አስሮ ነው። ጉተማ የአስካለችን ነጠላ ፊቱ ላይ አስሮ የመሐንዲሱን አረማመድ እየቀዳ ቤቱን ዞረ።

"ምን ሆኖ ነው እንዲያ የሚሸፈን?" አለች አስካለች።

"ምን ይሆናል፣ የእኛ ላብ ሸትቶት ነው!"

አሁንም ሳቁ። ያን ሳቅ ልብ በል። ያ ሰውዬ ለምን እንደሚሸፈን ያውቅ ነበር፤ ባያውቅ ኖሮ አይሸፈንም ነበራ! አፉን በጨርቅ የሸፈነውን ያህል አፉን ገልጦ አንዲት ቃል ቢናገር ኖሮ ምን ይጎድልበት ነበር? አንዲት ቃል! "አቧራውን አትተንፍሱ" ለማለት ስንት ዓመት ትምህርት ቤት መቀመጥ ያስፈልጋል?

ሙያ ያለው ሰው አዲስ ነገር ሲያገኝ በሚያውቀው መንገድ ነው የሚሠራው። አስካለች የምታውቀው ጥጥ ነው። ጥጥ ደግሞ የሚነደፈው በር ተዘግቶ፣ የመስኮቱ ስንጥቅ በጨርቅ ተወትፎ ነው፤ አለዚያ ነፋስ ይወስደዋል። ለጥጥ ደህና ልማድ ነው። እናም በሩን ዘጋች፣ ስንጥቁን ወተፈች፣ የድንጋዩን ጥጥ መሬት ላይ ዘርግታ በደጋኗ ትነድፈው ጀመር። የደጋኑ ጅማት ድም፣ ድም፣ ድም ባለ ቁጥር ጥጡ እየተፈታ ይነሣል፤ ረጅሙ ዘለላ ተመልሶ ይወድቃል፣ ደቃቁ ግን አይወርድም። ጣሪያው ሥር ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ኢፍቱ ያን ጊዜ አራት ዓመቷ ነው። ከደጋኑ ሥር ካልተቀመጥኩ ብላ ታለቅሳለች። ከላይ የሚወርደው ነጭ ነገር ፀጉሯን ሲሸፍነው ብድግ ትልና ጎበጥ ብላ ትቆማለች።

"እማዬ፣ እዪኝ! አረጀሁ!"

"እንደምን ዋሉ እሜቴ? ጤናዎ እንዴት ነው?" ትላታለች አስካለች ከመቀመጫዋ እየተነሣች፣ እጅ እየነሣች።

"ወገቤን አሞኛል። ልጆቼ አይጠይቁኝም።"

"ይቀመጡ እሜቴ፣ ይቀመጡ። እርስዎ ብዙ ዘመን አይተዋል።"

ልጅቷ ትንከተከታለች። ስትስቅ አፏ ሰፊ ነው። የተከፈተ አፍ ነው።

የድንጋዩ ጥጥ ብቻውን አልፈተልም አለ፤ ይንሸራተታል፣ ይበጠሳል። አስካለች የወጉን ጥጥ እየቀላቀለች ሞከረች፣ እንዝርቷም ተቀበለው። ለልብስ አይሆንም፣ ገላ ይበላል። ለኩራዝ ግን! በመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ እቅፍ ይዛ ሾላ ወረደች፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ባዶ እጇን ተመለሰች። በሁለተኛው ቅዳሜ ሴቶቹ ተሰልፈው ጠበቋት። "ላምባ ይጨርሳል እንጂ ክር አይጨርስም" ተባለላት። ቤት ቤቱ የአስካለች ክር ገባ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራች። አልሳለችም፣ አላመማትም። ነገሩ ቀን የሚጠብቅ መሆኑን በምን ታውቃለች?

በ1948 ክረምት ምስጥ አሮጌውን ቤት ከሥሩ ይበላው ጀመርና ጉተማ አጠገቡ አዲስ ክፍል ሠራ። ሰው ሁሉ ጭቃ የሚያቦካው በጤፍ ጭድ ነው፤ ጭድ ደግሞ ምስጥ ይጠራል። ጉተማ አሰበ፣ አሰበና የማይፈተለውን እንክትካች፣ ከደጋኑ ሥር የተጠረገውን፣ ተጨማሪ ሦስት ጆንያም ከፋብሪካው አምጥቶ በጭዱ ፋንታ ጭቃው ውስጥ ጨመረው። ምስጥ አይበላው፣ እሳት አይበላው። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ኢፍቱን በአንድ እጁ ይዞ ሲረግጡት ዋሉ። ጎረቤት ብልሃቱን አደነቀ።

ምርጊቱ ሲደርቅ ከግድግዳው ላይ ነጫጭ ፀጉር ብቅ ብቅ አለ።

"ግድግዳችን ሸበተ" አለ ጉተማ በእጁ እየዳበሰ። "እኛ ሞተን ይህ ቤት ይቆማል።"

ኢፍቱ የተኛችው በዚያ ግድግዳ ሥር ነው። እንቅልፍ እስኪወስዳት አንድ አንድ ፀጉር እየነቀለች በትንፋሿ ታበርረው ነበር።

ዓመታት አለፉ። ጉተማ መጀመሪያ ያጣው ዳገቱን ነው። ከሾላ እስከ ቤቱ አንድ ኩንታል ተሸክሞ የሚወጣ ሰው ባዶ እጁን መውጣት አቃተው፤ በየባሕር ዛፉ ሥር እየቆመ፣ ግንዱን እየተደገፈ። ሰው እንዳያየው ዛፍ የሚመርጥ ይመስል ነበር። ከዚያ ሳል መጣ፤ አክታ የሌለው፣ ደረቅ ሳል። ብርድ ነው ተባለ። እንጦጦ ጸበል ወጣ። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለና ስድስት ወር መርፌ ተወጋ። የጣቶቹ ጫፎች አበጡ፣ ጥፍሮቹ ጎበጡ። አስካለች ጀርባውን በቅባት ስታሸው ጆሮዋን ለጥፋ ታዳምጣለች። ትንፋሹን ሲስብ ከጎኑ ግርጌ አንድ ድምፅ ይመጣል፦ ሰው በደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ሲራመድ የሚሰማው ድምፅ። ከዚያ ወዲህ እንጨት ለመልቀም ጫካ ስትገባ ባሏ ከኋላዋ የሚተነፍስ እየመሰላት ትዞራለች።

በ1959 መጀመሪያ አንድ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ፍሥሐ የሚባል ድሬሰር፣ የሐኪሙ ረዳት፣ ያስተረጉምላቸዋል። ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ብዙ አየ።

"ሥራው ምንድን ነው? ይላሉ" አለ ፍሥሐ።

"ቱቦ ያለብሳል።"

"በምን?"

"በድንጋይ ጥጥ።"

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ረጅም ነገር ተናገረ። ፍሥሐ አጭር አድርጎ ተረጎመው፦ "ያ ጥጥ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ሳንባው እየደረቀ ነው።"

"አውጡለታ!"

"አይወጣም እትዬ።"

"እንግዲያው በመድኃኒት ይቃጠል፣ ይሟሟ፣ የሆነ ነገር—" አለችና ያ ምሽት መጣባት። ፍሙን አየች። ጉጠቱን አየች። የሳቁትን ሳቅ ሰማች። እሳት የማይበላውን የሰው ሥጋ ምን ያደርገዋል?

"ልብሱን ማን ያራግፋል? ይላሉ።"

"እኔ ነኝ። ሌላ ማን አለው?"

"ፊትዎን ይሸፍኑ ነበር?"

ራሷን ነቀነቀች። ስለ ደጋኑ አልተናገረችም። ሌላ ነገር ጠየቀች፦ "ትንሽ የተነፈሰ ሰውስ? ልጅ ቢሆንስ?"

"ትንሹም ክፉ ነው፣ በልጅነት ሲሆን ደግሞ ይብሳል ይላሉ። ዛሬ የገባ ዛሬ አይናገርም። አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት፣ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ነው።"

አስካለች ነጠላዋ ሥር በጣቶቿ ቆጠረች። ኢፍቱ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።

ጉተማ ግንቦት ላይ ሞተ። በመጨረሻው ሳምንት መተኛት አልቻለም፤ ተቀምጦ፣ ጉልበቱን አቅፎ ነው የሞተው። እድርተኛው ለቅሶ ሲቀመጥ ካቦ በላይነህ መጣ። ከድንኳኑ ደጃፍ እስከ መቀመጫው ሁለት ጊዜ ቆሞ አረፈ። አስካለች አረማመዱን አወቀችው።

"ካቦ፣ ያ ፈረንጅ ጨርቁን የሚያስረው ለምን ነበር?"

"ለአቧራው ነዋ።"

"ለአቧራው መሆኑን ያውቁ ነበር?"

በላይነህ ሳለ። ሳሉ አላቆም አለ። ሲያቆም ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። "ለእኔም ጨርቅ የሰጠኝ የለም እኮ እትዬ" አላት።

ከለቅሶው በኋላ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ከጋራው ጎን ስትወጣ በመስኮቱ ስንጥቅ አንድ ጨረር ይገባል። ድሮ አቧራ ብላ ታልፈው የነበረውን አሁን ቁጭ ብላ ታየዋለች። አይወድቅም። ያብለጨልጫል፣ ይገለባበጣል፣ ቀስ ብሎ ወደ ትንፋሿ ይመጣል። ትንፋሿን ይዛ ትቆያለች፤ እስከ መቼ ትይዘዋለች? ደጋኑን ሰብራ አንድዳዋለች፤ ድም ድሙ ግን ከግድግዳው ይመጣባታል። መኝታዋን ወደ አሮጌው ቤት ወሰደች፣ የአዲሱንም ክፍል በር ዘጋች።

ኢፍቱ አባቷ ከመሞቱ በፊት ወሰን ተድራ ነበር፤ ዓይኔ ሳይከደን ወግ ማዕረጓን ልይ ብሎ። ባሏ አዱኛ ጋራዥ ነው የሚሠራው። በ1960 ክረምት የአዱኛ አባት አቶ ቀጀላ በከዘራ እየተደገፉ መጡ። የመጡበትን ነገር ታውቃለች። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው።

"ልጃችን ጳጉሜ ላይ ትወልዳለች" አሉ። "በወጉ ወደ እናቷ ቤት እናመጣታለን። ክፍሉንም አሰናጂላት ለማለት ነው።"

"አያምጧት አባባ።"

ሽማግሌው የሰሙት አልመሰላቸውም። "ምን አልሽኝ?"

"አያምጧት። እኔ እዚያ መጥቼ አርሳታለሁ።"

"በሰው ቤት? እናቷ በሕይወት እያለሽ?" ከዘራቸውን አነሡ። "በድለንሽ ይሆን? ንገሪኝ፣ እኛ ካጠፋን ሽማግሌ ይቀመጥ።"

"ግድግዳው ነው። ጉተማን የገደለው እዚያ ውስጥ ነው ያለው።"

አቶ ቀጀላ ተነሡ፣ የተዘጋውን በር ገፋ አደረጉና ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ ቸክ ቸክ አደረጉት። "ይሄ? ድንጋይ የመሰለ ግድግዳ!"

"አይንኩት!" ብላ ጮኸች።

ከምቱ ሥር አንድ እፍኝ ነጭ ዱቄት ተንኖ ጨረሩ ውስጥ ገባ። ሽማግሌው የእሷን ፊት እንጂ ዱቄቱን አላዩም። ኀዘኑ ራሷ ላይ ወጥቷል ብለው ሄዱ። በሦስት ቀን የካ ሁሉ እንዲያ አለ።

አስካለች ዶማ አነሣች። ላፈርሰው ነው አለች፤ ከሥሩ ነቅዬ እጥለዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ መታችው። የተነሣው ነገር ክፍሉን ሞላው፣ በበሩም ወጥቶ በአጥሩ ላይ ወደ እትዬ የማርያምወርቅ ግቢ ሲሄድ በዓይኗ አየችው። የማርያምወርቅ የልጅ ልጆች እዚያ ይጫወታሉ። ዶማውን ጣለች። ለካ ይህ ነገር ሲተኛ ነው የሚሻለው።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ማንም አላስተማራትም። ነጭ ጨርቅ በውሃ ነክራ ፊቷ ላይ አሰረች። ግድግዳውን እያርከፈከፈች አራሰችው። ጭቃና እበት በወፍራሙ አቡክታ በላዩ መረገች፤ ሲደርቅ ሌላ፣ በዚያም ላይ ሌላ። በሦስተኛው ቀን የውሃ ባልዲው ውስጥ ፊቷን አየችው። አፍና አፍንጫዋ በነጭ ጨርቅ ተጠርቅሟል። ያን ፈረንጅ መሰለች። ልዩነቱ፣ እሷ የደረሰችበት አሥራ ሦስት ዓመት ዘግይታ ነው።

በአራተኛው ቀን ከአዲሱ ምርጊት ላይ፣ ዶማው በመታው በኩል፣ አንድ ነጭ ፀጉር ብቅ ብሎ አገኘችው። እንደገና መረገችበት። ግን በዚያ ክፍል አራስ አላስተኛም አለች፤ ሰው የፈለገውን ይበል።

ጳጉሜ ሦስት ቀን ከቀትር በኋላ ኢፍቱ ራሷ መጣች። ጓዟን በራሷ ተሸክማ፣ ሆዷን በእጇ ደግፋ። አስካለች በተዘጋው በር ደፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

"እማዬ፣ በሩን ክፈቺው።"

"ልጄ፣ ወደ አሮጌው ቤት እንኳ አልልሽም፣ አቧራው አንድ ነው። ወደ ወሰን ተመለሺ፣ ተከትዬሽ እመጣለሁ።"

"አማቴ ምን እንዳሉ ታውቂያለሽ? 'እናቷ የጣለቻት' ነው ያሉኝ። በሰው ፊት! ምን አድርጌሽ ነው?"

"አንቺ ምንም አላደረግሽም።"

"እና ማን ነው ያደረገው?"

"እኔ።"

ኢፍቱ ጓዟን አወረደች። አስካለች ለሐኪሙ ያልተናገረችውን፣ ለነፍስ አባቷም የደበቀችውን፣ እዚያው ደፍ ላይ ተናገረች። ደጋኑን፣ የተዘጋውን በር፣ የተወተፈውን ስንጥቅ። "በራስሽ ላይ ነደፍኩት። 'አረጀሁ' ስትይ እጅ ነሣሁሽ። እየሳቅሁ።"

ኢፍቱ እጇን ወደ ፀጉሯ ላከች፤ ሳታስበው ነው። ትዝ ብሏታል። አንድ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት ግን ምጡ ቀደማት፣ የአጥሩን እንጨት ይዛ ተንበረከከች። ወሰን ሩቅ ነው።

"እትዬ የማርያምወርቅ! ኧረ የሰው ያለህ!"

የማርያምወርቅ በአጥሩ ቀዳዳ ሁሉንም ሰምታ ኖሯል። "ለወሬው ጊዜ አይጠፋም፤ አሁን በብብቷ ያዣት!" አለች። ሁለቱ ደግፈው ወደ እሷ ቤት አስገቧት። ፀሐይ ስትጠልቅ ሴት ልጅ ተወለደች። ልጅቷ ስትጮህ ድምፅዋ ቤቱን ሞላው፤ አስካለች እንደዚያ ያለ ሙሉ ትንፋሽ ከሰማች ዓመታት አልፈዋል። እትዬ የማርያምወርቅ እትብት ለመቁረጥ ብርሃን አነሣት፤ ኩራዙን ለኩሳ አቀረበችው።

አስካለች ኩራዙን አየች። ነጭ ክር ነው።

"እትዬ፣ ይህ ክር…"

"ያንቺው ነው እንጂ! ልጄን ድሬበታለሁ፣ ባሌን ቀብሬበታለሁ። አላልቅ አለኝ።"

አስካለች እትብቱ እስኪቆረጥ ጠበቀች። ከዚያ ጧፍ አብርታ፣ ኩራዙን በክዳን አፍና አጠፋችውና ክሩን በእርጥብ ጣቶቿ መዝዛ ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ከተተችው። ኢፍቱና የማርያምወርቅ ተያዩ። እሷ ሕፃኗን ተቀብላ ጆሮዋን ጀርባዋ ላይ ለጠፈች። ቅጠል የለም። ምንም የለም። ንጹሕ።

"እማዬ" አለች ኢፍቱ ከመኝታዋ። "የእኔንም አዳምጪው።"

አስካለች የልጇን ጀርባ ገልጣ ጆሮዋን አስጠጋች። በቀኝ በኩል ደህና ነው። በግራ ግን፣ ከጎኗ ግርጌ፣ ከሩቅ፣ ሰው አንድ ደረቅ ቅጠል ረገጠ።

ቀና አለች። "ደህና ነው ልጄ" አለቻት። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ወጣችና ባሕር ዛፉ ሥር ቆመች።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ። አስካለች ያን ክፍል ዛሬም በየክረምቱ መዳረሻ ትመርገዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሾላ ትወርዳለች፤ የምትሸጠው ነገር የላትም። ክዳን ያለው፣ ውሃ የሞላ ጣሳ ይዛ ከቤት ቤት እያንኳኳች "ክሬን መልሱልኝ" ትላለች። አዲስ የጥጥ ክር በምትኩ ትሰጣለች። አንዳንዱ ይመልሳል። አንዳንዱ "ደህናውን ነጥቃ ውዳቂ ልትሰጠን" ይላል። ልጆች "ጣሳዋ መጣች" እያሉ ይከተሏታል። ዳገቱን ስትወጣ አሁን እሷም በየባሕር ዛፉ ሥር ትቆማለች። አማቿ አዱኛ የመኪና ፍሬን ሲያጸዳ አቧራውን በአየር ይነፋዋል፤ ፍሬኑም ውስጥ ይኸው ጥጥ እንዳለ ፍሥሐ ስለነገራት፣ በእርጥብ ጨርቅ እንዲጠርገው ለምናዋለች። ሳቀባት። እንደ ጉተማ ሳቅ ነው። ፋብሪካው ዛሬም ጆንያ ያስገባል፤ ሌሎች ሰዎች ቅንድባቸው ነጥቶ ወደ ልጆቻቸው ይመለሳሉ፣ ሌሎች ሚስቶች ኮት ያራግፋሉ። አሁን ደግሞ ይኸው ጥጥ ከሲሚንቶ ጋር ተጋግሮ የጣሪያ ክዳን ሆኖ መጥቷል፤ በመጋዝ ሲቆረጥ የሚተነውን የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ ተነሥና ኩራዝህን ተመልከት። ክሩ ነጭ ከሆነ አታራግፈው፣ ለልጅ አትስጠው፣ በውሃ አርሰህ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ አስቀምጥላት፤ ቅዳሜ ትመጣለች፣ በሩን ክፈትላት። ግድግዳህም ከሸበተ አትምታው፤ አርሰህ መርገው። ዛሬ ማታ መብራቱን ልታጠፋ ስትጎነበስ ደግሞ፣ እባክህ፣ እፍ አትበልበት።